በሌለ አገር የሚሰማ ሙዚቃ

ሙዚቃ ከጥንት ጀምሮ የሥራ ድርሻ ያለው ጥበብ ነው። ቅዳሴን ያጅባል፣ ሠርግን ያደምቃል፣ ዘማችን ይሸኛል፣ ሕፃንን ያስተኛል፣ ዐጫጆችን ያበረታል። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ዜማው የሚከተለው ጉዳይ አስቀድሞ አለ፤ ድግሱ ሳይኖር ዘፈኑ፣ ሐዘኑ ሳይኖር ሙሾው አይኖርም። በኋላም ትያትርና ሲኒማ በመጡ ጊዜ ሙዚቃው ታሪኩን ተከትሎ የሚገባ አጃቢ ሆነ እንጂ ቅደም ተከተሉ አልተለወጠም። በሃያኛው መቶ ዓመት ግን ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ አንድ የሙዚቃ ዘርፍ ብቅ አለ። በዚህ ዘርፍ ሙዚቃው ቀድሞ ይደረሳል፤ የሚሰማበት አገር ግን የለም። አገሩን የሚሠራው አድማጩ ራሱ፣ በሐሳቡ ነው።

ዘርፉ በባሕር ማዶ ስሙ «አምቢየንት» ይባላል። በአማርኛ የድባብ ሙዚቃ ቢባል የሚያስኬድ ይመስላል። ድባብ ለታቦት ወይም ለንጉሥ የሚዘረጋ ጥላ ነውና፤ ሰው ልብ የሚለው ከጥላው ሥር ያለውን እንጂ ጥላውን አይደለም። ይሁንና ጥላው ቢታጠፍ ክብሩ እንደሚጎድል ማንም ያውቀዋል።

ይህ ሙዚቃ ብዙ መንገድ ከተጓዘ በኋላ ሰፊ ማረፊያ ያገኘው በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ነው። ታሪኩ ለሙያው ሰው አንድ ከባድ ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም፣ አድማጩ ልብ ሳይለው እንዲያልፍ ታስቦ የሚደረስ ሙዚቃ ጥበብን ማስፋት ነው ወይስ ጥበብን መተው? የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት የዘርፉን አመጣጥ ከሥሩ መከተል ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤት ዕቃና የፋብሪካ ሙዚቃ

ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤሪክ ሳቲ «የቤት ዕቃ ሙዚቃ» የሚለውን ስያሜ ያወጣው በ1917 ነው። ወንበርና መጋረጃ ማንም ሳያደንቃቸው ክፍሉን ክፍል እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ሙዚቃም እንዲሁ ሳይታይ የሚያገለግል ይሁን የሚል አሳብ ነበረው። ማርች 8 ቀን 1920 በፓሪስ ከተማ፣ በባርባዛንዥ የሥዕል አዳራሽ የማክስ ዣኮብ ትያትር በሚታይበት ምሽት፣ ሳቲ ከወጣቱ ደራሲ ከዳርዩስ ሚዮ ጋር ሆኖ አሳቡን ፈተነ። ሙዚቀኞቹን በአዳራሹ ማዕዘናት በታትነው አስቀመጡና በዕረፍቱ ሰዓት አጫጭር ሐረጎችን እየደጋገሙ እንዲጫወቱ አደረጉ። ተመልካቹ ግን ሙዚቃ መጀመሩን ሲሰማ እንደ ልማዱ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ጸጥ አለ። ሳቲም «ተነጋገሩ፣ ተንቀሳቀሱ፣ አታዳምጡ» እያለ በመካከላቸው ቢዘዋወርም የሰማው የለም። አለማዳመጥም ራሱን የቻለ ትምህርት እንደሚጠይቅ በዚያ ምሽት ታየ።

የሳቲ አሳብ ከጨዋታ ያልዘለለ ቢመስልም፣ ብዙም ሳይቆይ በሌላ አቅጣጫ ለንግድ ዋለ። በ1934 በአሜሪካ ሥራ የጀመረው የሙዛክ ኩባንያ ለሆቴሎች፣ ለመሥሪያ ቤቶችና ለፋብሪካዎች በሽቦ የሚተላለፍ ሙዚቃ ያከፋፍል ነበር። ኩባንያው የቀመረው ዘዴ ሙዚቃውን በ15 ደቂቃ ክፍል ከፋፍሎ፣ በየክፍሉ ውስጥ ሞቅታውን ደረጃ በደረጃ ከፍ እያደረገ፣ ቀጥሎም የዝምታ ጊዜ የሚያስገባ ነበር። ዓላማው የሠራተኛው ጉልበት በሚደክምበት ሰዓት ሳይታወቀው እንዲነቃቃና ምርቱ እንዲጨምር ነው። በዚህ አሠራር ዝምታው እንኳ በሰዓት የተለካ ነበር።

እንግዲህ ልብ ሳይሉት የሚሰማ ሙዚቃ ገና ከመነሻው ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ሰውን በክፍሉ ውስጥ እንደ ፈቃዱ ይተወዋል፤ ሁለተኛው ሰውዬው ሳያውቅ ይነዳዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ሁሉ በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል የሚሄድ ነው።

የካይሮው ሽቦ

የድባብ ሙዚቃ ሌላው ምንጭ አፍሪካ ውስጥ ይገኛል። በ1944 ሃሊም ኤል ዳብ የሚባል የ23 ዓመት ግብፃዊ የእርሻ ትምህርት ተማሪ ከካይሮ ራዲዮ ጣቢያ በቀጭን ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ተዋሰ። መሣሪያውንም ይዞ ሴቶች የዛር ሥርዓት ወደሚያደርጉበት ቦታ ሄደና ዝማሬውን ቀረጸ። የዛር ሥርዓት ከኢትዮጵያ አካባቢ ተነሥቶ በሱዳን በኩል ወደ ግብፅ እንደ ዘለቀ ብዙ አጥኚዎች ይናገራሉ። ስለዚህ ድምፁ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

ኤል ዳብ የቀረጸውን ድምፅ እንዳለ አላቀረበውም። ወደ ራዲዮ ጣቢያው ክፍል አስገብቶ ደጋግሞ እየቀረጸ፣ የግድግዳውን ማስተጋባትና የገደል ማሚቶውን እየጨመረ፣ የመነሻውን ድምፅ ደግሞ እያጠፋ ሄደ። በመጨረሻ የቀረው የሴቶቹ ዝማሬ ሳይሆን የዝማሬው ጥላ ነው። ቃሉ አይለይም፣ ከበሮው አይታወቅም፤ ነገር ግን አንድ ሰፊና ጥልቅ ስፍራ ይሰማል። ያ ስፍራ በካይሮ የለም፤ በየትም አገር የለም። በፓሪስ ፒየር ሼፈር ከተቀረጹ ድምፆች ሙዚቃ መሥራቱን ያስታወቀው በ1948 በመሆኑ፣ የካይሮው ተማሪ በአራት ዓመት ቀድሞ ይገኛል።

ኤል ዳብ ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከ1959 ጀምሮ በኮሎምቢያና ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠርቷል። ከ1962 እስከ 1964 ደግሞ በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። በ1963 የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የእርሱ ጥረት ውጤት ነው። ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ፣ በገናው፣ እምቢልታውና ከበሮው ከየአገሩ ተሰብስበው በአንድ መድረክ ተቀመጡ። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ቀዬ፣ የራሱ ሥርዓትና የራሱ ወቅት ያለው ነበርና፣ ከሁሉ የወጣው ኅብር በአንድ መንደርም ሆነ በአንድ አውራጃ ያልተለመደ ነበር። በካይሮ ከአንድ ሥርዓት የሌለ ስፍራን ያወጣው ሰው፣ በአዲስ አበባ ከብዙ ስፍራ አንድ ያልነበረ ማኅበር ሰበሰበ ማለት ይቻላል።

ፊልም የሌለው የፊልም ሙዚቃ

የድባብን ሙዚቃ በስሙ የጠራውና ወሰኑን ያበጀው እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ ነው። በ1975 መጀመሪያ መኪና ገጭቶት አልጋ ላይ ሳለ አንዲት ወዳጁ የበገና ዓይነት መሣሪያ የሚሰማበት ሸክላ አምጥታለት ነበር። እርሷ ከሄደች በኋላ ሸክላው ሲዞር ድምፁ እጅግ ዝቅ ያለ፣ ከሁለቱ ድምፅ ማጉያዎችም አንዱ የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። በሽተኛው ተነሥቶ ለማስተካከል አቅም አላገኘም። በውጭ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ከዝናቡ በላይ አልፎ አልፎ ብቅ የሚሉትን ድምፆች ሲሰማ፣ ሙዚቃ ከአካባቢው ጋር ተቀላቅሎ መኖር እንደሚችል ተረዳ። በዚያው ዓመት «ዲስክሪት ሚዩዚክ» የተባለውን ሥራውን አወጣ።

በ1978 የወጣው «ሚዩዚክ ፎር ኤርፖርትስ» የአሠራሩን ምሥጢር ይገልጣል። በአንደኛው ክፍል የሚሰሙት የሰው ድምፆች እያንዳንዳቸው ጫፍና ጫፉ ተገጥሞ ቀለበት በሆነ ቴፕ ላይ የተቀረጹ ናቸው። የአንዱ ቀለበት ርዝመት 23 ተኩል ሴኮንድ፣ የሌላው 25 ከ7/8፣ የሦስተኛው 29 ከ15/16 ሴኮንድ ነው። ቀለበቶቹ እኩል ስላልሆኑ አንድ ጊዜ አብረው ከተነሡ በኋላ የሚገናኙበት ጊዜ ይርቃል። በስሌት ሲታይ እነዚህ ሦስቱ ብቻ እንደገና በአንድ ቅጽበት አብረው ለመጀመር 27 ቀን ያህል ያስፈልጋቸዋል። ደራሲው ያበጀው ጥቂት ድምፅና አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ራሱ ይደርሰዋል። ሥራው በ1980 በኒው ዮርክ ላጋርዲያ የአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ተሰምቷል።

ስለ ሌለ ዓለም ሲነሣ ግን ይበልጥ የሚጠቀሰው «ሚዩዚክ ፎር ፊልምስ» የተባለው ሥራው ነው። ኢኖ በ1976 ይህን ሸክላ በ500 ቅጂ ብቻ አሳትሞ ለፊልም ሠሪዎች ላከ፤ በ1978 ደግሞ 18 አጫጭር ክፍሎች ያሉት ሆኖ ለሕዝብ ወጣ። ከክፍሎቹ ብዙዎቹ የተደረሱት ገና ላልተሠራ፣ ምናልባትም ፈጽሞ ለማይሠራ ፊልም ነበር። የፊልም ሙዚቃ ሥዕሉ ሲወሰድበት ባዶ ቦታ ይተዋል። ያንን ባዶ ቦታ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ግብዣ መቁጠሩ የኢኖ ብልሃት ነው።

በ1982 በወጣው «ኦን ላንድ» ላይ አሳቡ ወደ መልክዐ ምድር ተሸጋገረ። ኢኖ ወደ ጋና በተጓዘ ጊዜ ምሽት ምሽት በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ በማይክሮፎን ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ድምፅ ሰብስቦ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማ ነበር። የእንቁራሪትና የነፍሳት ድምፅ፣ የድንጋይና የእንጨት ኳኳታ በዚህ ሥራ ከመሣሪያው ጋር እኩል ቦታ አግኝተዋል። ከክፍሎቹ አንዱ በእንግሊዝ አገር ኢኖ ካደገበት ብዙም በማይርቅ ረግረግ ስም ተሰይሟል። ይሁንና ደራሲው ስፍራውን የሣለው በእግሩ ሄዶ ካየው ትዝታ ሳይሆን፣ በካርታ ላይ ስሙን አይቶ ምን ሊመስል እንደሚችል ካሰበው ነው። ካርታ አንብቦ አገር መደረስ ማለት ይህ ነው።

ተጫዋቹ የሚመራው ጊዜ

«ሚዩዚክ ፎር ኤርፖርትስ» በወጣበት በዚያው በ1978፣ በጃፓን የታይቶ ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለውን የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ አወጣ። ጨዋታው ወደ ታች የሚወርዱ አራት ወፍራም ድምፆችን ያለማቋረጥ ይደጋግማል። ጠላቶቹ በተቃረቡ መጠን ድምፆቹ ይፈጥናሉ፤ የተጫዋቹም ልብ አብሮ ይፈጥናል። በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበቶች ተሰሙ፤ አንዱ መንገደኛን የሚያሳርፍ፣ ሌላው ተጫዋችን የሚያጣድፍ።

የጨዋታ ሙዚቃ ከፊልም ሙዚቃ የሚለይበት ዋና ጠባይ ጊዜ ነው። የፊልም ደራሲ አንድ ትርኢት ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ ያውቃል። የጨዋታ ደራሲ ግን ተጫዋቹ አንድ በር ላይ አንድ ደቂቃ ይቁም ወይም አንድ ሰዓት፣ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። በዚያ ላይ መሣሪያው ጠባብ ነበር። በ1983 የወጣው የኒንቴንዶ «ፋሚኮም» የነበሩት የድምፅ መስመሮች አምስት ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ደራሲዎች ችግሩን የፈቱት አጭርና የሚያስደስት ዜማ አዘጋጅተው በመደጋገም ነው።

ሂሮካዙ ታናካ ግን በ1986 ለወጣው «ሜትሮይድ» የተለየ መንገድ መረጠ። ታሪኩ የሚፈጸመው በባዕድ ፕላኔት ዋሻዎች ውስጥ ነው። ታናካ ተጫዋቹ የትኛው ድምፅ ሙዚቃ፣ የትኛው የዋሻው ወይም የፍጥረቱ ድምፅ እንደ ሆነ መለየት እንዲያዳግተው ፈለገ። የሚያስደስት ግልጽ ዜማ የሚሰማው ተጫዋቹ የመጨረሻውን ጠላት ሲያሸንፍ ብቻ እንዲሆን አደረገ። ዜማን መንፈግ ዜማን ማክበር ሊሆን እንደሚችል ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ለረጅም ሰዓት በድባብ ብቻ የቆየ ጆሮ ዜማውን እንደ ፀሐይ ብርሃን ይቀበለዋልና።

በ1993 በአሜሪካ ወንድማማቾቹ ራንድና ሮቢን ሚለር «ሚስት» የተባለውን ጨዋታ አወጡ። ተጫዋቹ ማንም በሌለበት ደሴት ላይ ብቻውን ይገኝና በመጻሕፍት በኩል ወደ ሌሎች ዓለማት ይሻገራል። ወንድማማቾቹ መጀመሪያ ሙዚቃ ሐሳብ ይበትናል ብለው የነፋስና የውኃ ድምፅ ብቻ ሊያስገቡ አስበው ነበር። ሲሞክሩት ግን ሙዚቃው ስፍራውን የበለጠ እውነት እንዳደረገው አዩ፤ ሮቢን ሚለርም 40 ደቂቃ ያህል የሚሆን ሙዚቃ ደረሰለት። ጨዋታው ከ6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

ኢኖ ራሱም ወደዚህ መስክ መጣ። በ1996 «ጀነሬቲቭ ሚዩዚክ 1» የተባለውን ሥራውን በኮምፒዩተር ዲስክ አወጣ፤ በዲስኩ ላይ ያለው የተቀረጸ ድምፅ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ሙዚቃ የሚያወጣበት ሕግ ነው። በ2008 ደግሞ ከፒተር ቺልቨርስ ጋር ሆኖ ለዊል ራይት ጨዋታ ለ«ስፖር» ተጫዋቹ ፍጥረቱን በሚያበጅበት ጊዜ አብሮ የሚደረስ ሙዚቃ ሠራ። የቴፑ ቀለበት ወደ ኮምፒዩተር ሕግነት ተለወጠ፤ አሳቡ ግን አንድ ነው።

ከድህነት የተገኘ ዝምታ

ከሁሉም ይልቅ በብዙ ሰው ጆሮ የገባው የ«ማይንክራፍት» ሙዚቃ ነው። ስዊድናዊው ማርኩስ ፐርሶን በ2009 ለሕዝብ ባቀረበው በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ወሰን የለሽ በሚመስል ምድር ላይ ድንጋይ እየፈለጠ፣ እንጨት እየቆረጠ፣ ቤት ይሠራል። ሙዚቃውን የደረሰው በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ተወልዶ ያደገው ዳንኤል ሮዘንፌልድ ነው። የጨዋታው የድምፅ ክፍል ደካማ ስለ ነበር ሙዚቃው የተጫዋቹን እርምጃ ተከትሎ እንዲለዋወጥ ማድረግ አልተቻለም። ስለዚህ አጫጭር የፒያኖና የኤሌክትሮኒክ ክፍሎች ተደርሰው ባልታወቀ ሰዓት ብቅ እንዲሉ፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ዝም እንዲባል ተደረገ።

ውጤቱ ከተጠበቀው በላይ ሆነ። ማንም ሳይጠራው የሚመጣው ሙዚቃ አንዱን ቤቱን ሲጨርስ፣ ሌላውን በዋሻ ጨለማ ጠፍቶ ሲንከራተት፣ ሦስተኛውን ፀሐይ ስትጠልቅ ሲመለከት ያገኘዋል። ደራሲው ከእነዚህ አንዱንም አላሰበውም። ተጫዋቹ ግን ሙዚቃው ለእርሱ፣ ለዚያች ሰዓት የተደረሰ ይመስለዋል። የሙዛክ ዝምታ የፋብሪካው ሰዓት ነበር፤ የዚህ ዝምታ ግን የማንም ሰዓት አይደለም፤ ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። ሙዚቃው በ2011 «ቮሊዩም አልፋ» ተብሎ ለብቻው ወጣ፤ በ2025 ደግሞ የአሜሪካ የምክር ቤት መጻሕፍት ቤት ሊጠበቁ ከሚገባቸው ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው።

ከዚህ በኋላ የቀረው እርምጃ ጨዋታውን ራሱን ማስቀረት ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኖርዌይ ሞርቲስ በሚል ስም የሚታወቀው ሙዚቀኛ በቀላል የኤሌክትሮኒክ ፒያኖ ራሱ ለፈጠረው መንግሥት ረጃጅም ሙዚቃ ይደርስ ነበር። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ፈጽሞ ላልተሠሩ ጨዋታዎች የተደረሱ ሥራዎች በዝተዋል። «ኢኩዊፕ» የሚባለው የቺካጎ ሙዚቀኛ በ2016 ያወጣው በሰማይ ላይ ስላለ ቤተ መንግሥት የሚያወሳ ሥራ ከእነዚህ አንዱ ነው። አርእስቶቹ መንደርን፣ ጫካን፣ ግንብን፣ የመጨረሻውን ውጊያ ያመለክታሉ፤ ጨዋታው ግን የለም። አድማጩ መንገዱን በራሱ ሐሳብ ይሄደዋል። እነዚህ ሙዚቀኞች የአሮጌዎቹን መሣሪያዎች ጠባብ ድምፅ ሆን ብለው መረጡ፤ የልጅነት ትዝታ በዚያ ድምፅ ውስጥ ታሽጎ ስለሚገኝ ነው።

የሙያው ሰው ፈተና

በመግቢያው የተነሣው ጥያቄ መልስ ከዚህ ታሪክ ይወጣል። አድማጩን ልብ እንዲል የማያስገድድ ሙዚቃ በራሱ ጥበብን መተው አይደለም። ሳቲ ጥቂት ሐረግ፣ ኤል ዳብ አንድ ሽቦ፣ ታናካ ጠባብ መሣሪያ፣ ሮዘንፌልድ ደካማ ፕሮግራም ይዘው የሠሩት ሥራ ጥንቃቄው ከሲምፎኒ የሚያንስ አይደለም። ምን እንደሚጨመር ከማወቅ ይልቅ ምን እንደሚቀር ማወቅ የበሰለ ጆሮ ይጠይቃልና።

ነገር ግን የሙዛክ መንገድ አልተዘጋም። ዛሬ በየስልኩ ለእንቅልፍ፣ ለጥናት፣ ለሥራ እየተባለ ያለማቋረጥ የሚፈስስ ሙዚቃ አለ። ከእርሱም ውስጥ ጥቂት የማይባለው ደራሲው የማይታወቅ፣ አንዳንዱም በማሽን የተሠራ ነው። በድምፁ ብቻ ቢመዘን ከድባብ ሙዚቃ ለመለየት ያስቸግራል። መለያው ሙዚቃው ለማን እንደሚሠራ ነው። አንዱ አድማጩን አንድ ቦታ ላይ ለማቆየት ይሠራል፤ ሌላው አድማጩ የራሱን ቦታ እንዲያበጅ ይተወዋል።

እንግዲህ ለሌለ አገር የሚደርስ ባለሙያ ኃላፊነቱ የቀለለ አይደለም። አጃቢ ሙዚቃ ስሕተቱን የሚሸፍንለት ታሪክ፣ ተዋናይ ወይም ሥዕል ከፊቱ አለ። የዚህ ደራሲ ግን ከፊቱ ያለው የአንድ እንግዳ ሰው ሐሳብ ብቻ ነው። በዚያ ሐሳብ ውስጥ የሚገባውን ያህል ገብቶ፣ ከሚገባው በላይ ሳይቀመጥ መውጣት መቻል የሙያው መለኪያ ነው።